ዋይፋዩ አለ፤ ኢንተርኔቱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ራውተርና ስለ ቤት ኔትወርክ

በዚህ ዕትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከላሊበላ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴና ከወረኢሉ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ቢለያዩም አብዛኞቹን ያስቸገረው ነገር አንድ ነው፤ «ኔት ጠፋ» ይባላል እንጂ የቱ ጋ እንደጠፋ አይታወቅም። የተቋረጠበትን ቦታ ሳያውቁ አዲስ ዕቃ መግዛት ደህናውን ጥሎ ብልሽቱን ማስቀረት ነው። ስለዚህ ቃላቱን ለብቻቸው ከመደርደር በየችግሩ ውስጥ እያስገባን አብራርተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ምንም አይከፍትም። ልጆቼ «ራውተሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዢ» ይሉኛል። የተበላሸው ዕቃው ነው ወይስ መስመሩ? (አንዲት እናት፣ ከደሴ መናፈሻ)

መልስ፦ እናታችን፣ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። ያ ምልክት የሚያሳየው በስልክዎና በሳሎኑ ሣጥን መካከል ያለውን የሞገድ ጥንካሬ ብቻ ነው። ሣጥኑ ከውጭ ኢንተርኔት ይግባለት አይግባለት ምልክቱ አያውቅም፤ መስመሩ ተቆርጦም ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ያ አንድ ሣጥን ሦስት ሥራ ደርቦ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው የሞደም ሥራ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ይቀበላል። መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ኤዲኤስኤል ይባላል፤ እንደ ክር በቀጠነ መስታወት የሚመጣ ከሆነ ፋይበር ነው፣ ሣጥኑም ኦኤንቲ ይባላል። ሁለተኛው የራውተር ሥራ ነው፤ የቤቱን ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ከውጭው መስመር ጋር ያገናኛል። ሦስተኛው የአክሰስ ፖይንት ሥራ ነው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው እሱ ነው። እርስዎ ሙሉ ምልክት የሚያዩት ሦስተኛው ሥራ ደህና ስለሆነ ነው። ችግሩ ከሁለቱ በአንዱ ወይም ከቤት ውጭ ነው።

አሁን የሣጥኑን መብራቶች ይዩ። ፋይበር ከሆነ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ መብራት አለበት። የሚርገበገብ ከሆነ ሣጥኑ ከማዕከሉ ጋር ለመገናኘት እየሞከረ ነው፣ አልተሳካለትም። «ሎስ» የሚለው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም፤ ክሩ ተቆርጧል፣ ከሶኬቱ ወጥቷል፣ ወይም ከመጠን በላይ ታጥፏል። ከቡፌ ኋላ ተጣጥፎ ግድግዳ ላይ የተጫነ የፋይበር ክር ሳይበጠስም ብርሃኑን ያጣል። ቀለበቱ ከቡና ስኒ አፍ እንዳይጠብ አድርገው ዘርጉት። የክሩን ጫፍ ግን ነቅሎ ማየት አይገባም፤ የሚወጣው ብርሃን በዓይን አይታይም፣ ዓይንን ግን ይጎዳል። ኤዲኤስኤል ከሆነ «ዲኤስኤል» የሚለውን መብራት ይዩ፤ የሚርገበገብ ከሆነ መደበኛውን ስልክ አንስተው ያዳምጡ። የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ውሃ ገብቶበታል ወይም ዝጓል፤ በክረምት ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቤት ባለው ኮምፒውተር ሦስት ሙከራ ማድረግ ነው። ልጆቹ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲኤምዲ ብለው ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱ፤ ትእዛዞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ። መጀመሪያ አይፒኮንፊግ ብለው ኢንተር ይጫኑ። «ዲፎልት ጌትዌይ» ከሚለው አጠገብ የሚወጣው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ቀጥለው ፒንግ ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ያንኑ ቁጥር ይጻፉ። መልስ ካልመጣ ችግሩ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ነው። ከመጣ ፒንግ 8.8.8.8 ይበሉ፤ ይህ የጉግል ሰርቨር ቁጥር ነው። እዚህ ላይ መልስ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ዕቃዎ ደህና ነው፣ የጠፋው የውጭው መስመር ነው፤ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው የትኛው መብራት እንዴት እንደሆነና ሙከራው የት ላይ እንደቆመ ይንገሩ። «አይሠራም» ብቻ ከማለት ይህን መንገር ጥገናውን ያፋጥናል።

ሦስተኛው ሙከራ ፒንግ ብሎ የአንድ ድረ ገጽ ስም መጻፍ ነው። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ካልተገኘ የጠፋው ዲኤንኤስ ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥ አገልግሎት ነው፤ እሱ ሲታመም መስመሩ እያለ ብሮውዘሩ «ገጹ አልተገኘም» ይላል፣ ቀድሞ የተከፈተ ቴሌግራም ግን መልእክት ሊያመላልስ ይችላል። መፍትሔው በራውተሩ ዲኤንኤስ ቦታ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ብሎ ማስገባት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ ከራውተሩ ኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ ያዝኩት። መብራቶቹ ጠፍተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የዋይፋዩ ስም ተቀየረ፣ ኢንተርኔትም የለም። (ባለ ሱቅ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያደረግከው ሪሴት ነው፤ የፈለግከው ግን ሪስታርት ነበር። ሪስታርት ማለት ሣጥኑን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ምንም አያጠፋም። ሪሴት ግን 10 ሰከንድ ያህል ሲያዝ ሣጥኑን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፒፒፒኦኢ ስምና የይለፍ ቃል ይጠፋል። ፒፒፒኦኢ ራውተሩ ወደ አገልግሎት ሰጪው ሲገባ ማንነቱን የሚያስመዘግብበት ነው። ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጋር አይገናኝም፤ ብዙ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

ለመመለስ ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ የመግቢያው አድራሻና የአስተዳዳሪው ስም እዚያ አለ። አድራሻው እንደ ሣጥኑ ዓይነት 192.168.1.1፣ 192.168.0.1 ወይም 192.168.100.1 ሊሆን ይችላል። በዋይፋዩ ተገናኝተህ አድራሻውን በብሮውዘር ላይ ጻፍ፤ የጉግል መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ ይሁን። ከዚያ «ዋን» (የውጭው መስመር) ወደሚለው ገጽ ገብተህ ፒፒፒኦኢን ምረጥና ስሙንና ቃሉን አስገባ። ውል ስትገባ በሰጡህ ወረቀት ላይ ከሌለ ከአገልግሎት ሰጪህ መጠየቅ ግድ ነው፤ ገምተህ አታገኘውም። በፋይበር ከሆነ እዚያው ገጽ ላይ «ቪላን» የሚል ቁጥር ሊኖር ይችላልና እሱንም ጠይቅ።

«ኤምቲዩ» የሚለውን 1492 አድርገው። ኤምቲዩ በአንድ ጊዜ የሚላክ የመረጃ ጥቅል ትልቁ መጠን ነው፤ በመደበኛው ኬብል 1500 ባይት ሲሆን ፒፒፒኦኢ ለራሱ 8 ይወስዳል። 1500 ሆኖ ከቀረ አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው በድረ ገጹ ያመካኛል።

ሲመለስልህ የዚያን ገጽ ፎቶ በስልክህ አንሥተህ አስቀምጥ። ሲንቀራፈፍብህ ደግሞ ከሶኬት ነቅለህ 30 ሰከንድ ቆይተህ መልሰው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሠው። በየቀኑ ይህን ማድረግ የሚያስፈልግህ ከሆነ ሣጥኑ የታመቀ ቦታ ላይ ተቀምጦ እየጋለ እንዳይሆን እይ። ጨርቅ የሚለብስ ራውተር ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ «የአይፒ ግጭት አለ» የሚል መልእክት ይወጣል። በቅርቡ ለመምህራን ክፍል ዋይፋይ እንዲሆን ሁለተኛ ራውተር ጨምረናል። (የአይሲቲ መምህር፣ ከወልዲያ)

መልስ፦ መምህር፣ ምክንያቱን ራስዎ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል። ሁለተኛው ራውተር ነው።

አይፒ አድራሻ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚታወቅበት ቁጥር ነው፤ በአንድ ኔትወርክ ሁለት ዕቃ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዝ አይችልም። ይህን ቁጥር በራሱ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ይባላል። ዲኤችሲፒ ቁጥር ብቻ አይሰጥም፤ ጌትዌዩንም፣ ማለትም ወደ ውጭ መውጫው የትኛው እንደሆነ፣ አብሮ ይናገራል። አዲሱ ራውተር ከፋብሪካ ሲመጣ ዲኤችሲፒው በርቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አሁን ክፍላችሁ ውስጥ ሁለት አዳይ አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ከዋናው ራውተር የተቀበለው ኢንተርኔት ያገኛል፤ ከአዲሱ የተቀበለው ግን መውጫዬ አዲሱ ነው ብሎ ያምናል፣ አዲሱ ደግሞ በራሱ መስመር የለውም።

ለማረጋገጥ ከማይሠሩት ኮምፒውተሮች በአንዱ አይፒኮንፊግ ይበሉ። ጌትዌዩ ከሚሠራው ኮምፒውተር የተለየ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከማንም መልስ አላገኘም ማለት ነውና ኬብሉን ይመርምሩ።

መፍትሔው አዲሱን ራውተር አክሰስ ፖይንት ብቻ ማድረግ ነው። ከኔትወርኩ ነቅለው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያገናኙት። ገብተው የራሱን አድራሻ፣ «ላን አይፒ» የሚለውን፣ 192.168.1.2 ያድርጉ፤ ዋናው 192.168.1.1 ነው ብለን ነው። ሰብስኔት ማስኩ 255.255.255.0 ይሁን። አድራሻው ሲቀየር ገጹ ይዘጋል፤ በአዲሱ ቁጥር ተመልሰው ይግቡና ዲኤችሲፒውን ያጥፉ። በመጨረሻ ከዋናው ወይም ከስዊቹ (የክፍሉን ኬብሎች ከሚያገናኘው ሣጥን) የሚመጣውን ኬብል ከአዲሱ «ላን» (የውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ፤ ቀለሙ ለብቻው የሆነውን «ዋን» ባዶ ይተዉት። «ዋን» ላይ ከሰኩት ኢንተርኔት ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን መምህራኑ ከጀርባው ሌላ ኔትወርክ ውስጥ ይሆኑና የክፍሉን ፕሪንተር አያዩትም። አንዳንድ ራውተር «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ አለው፤ እሱ ካለ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራልዎታል።

የአይፒ ግጭቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለአንዳንድ ኮምፒውተር ወይም ለፕሪንተር በእጅ የተሰጠ ቁጥር ከዲኤችሲፒው ዕጣ፣ ማለትም ለማደል ከያዛቸው ቁጥሮች፣ ጋር ሲጋጭ ነው። ዕጣውን ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ይገድቡት፤ በእጅ የሚሰጡትን ከ10 እስከ 50 ያድርጉ። በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው መምህር ያመሰግንዎታል።

አንድ ነገር ጨምረን እንንገርዎ፤ በትምህርት ቤት ያጋጥማልና። ተማሪ ወለል ላይ የተገኘ ኬብል ሁለቱንም ጫፍ አንዱ ስዊች ላይ ሲሰካ ቀለበት ይፈጠራል። አንድ ጥቅል መረጃ መውጫ አጥቶ እየተባዛ ይዞራል፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥም የክፍሉ ኔትወርክ በሙሉ ይሞታል። ምልክቱ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ፣ ሳያርፉ፣ በፍጥነት መርገብገባቸው ነው። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ መብራቶቹ የተረጋጉበት ኬብል ጥፋተኛው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ዋይፋያችን ይዳከማል። እውነት ነው ወይስ ይመስለናል? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጉም ዋይፋይ በሚጠቀምባቸው 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከቁጥር አይገባም። ቤት ውስጥማ ጭራሽ የለም። ጉም በሚሆንበት ቀን ሰው ሁሉ ቤቱ ይውላል፤ የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ አብሮ ይሠራል፣ መስመሩም ይጨናነቃል። የሚሰማህ መዳከም ከዚያ ነው። ዝናብ ሽቦው የተቀጠለበት ውስጥ ገብቶ ኤዲኤስኤል ማበላሸቱ ግን እውነት ነው።

ጥያቄ፦ ጥቂት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ ወፍራም ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ፈጣን የሆነው ዋይፋይ ክፍሎቹ ውስጥ የለም። ለገና እንግዳ ሲበዛ ያሳፍረኛል። ሪፒተር ልግዛ? (ከላሊበላ)

መልስ፦ ሪፒተር አንመክርዎም። ሪፒተር የደከመውን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ ይናገራል፤ በአንድ ሬዲዮ እየሰማም እየተናገረም ስለሆነ ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ የደከመ ከሆነ የደከመውን ነው የሚያባዛው። ለእርስዎ ቤት የሚሆነው ኬብል ዘርግቶ በየመተላለፊያው አክሰስ ፖይንት መስቀል ነው።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አንድ ካለፈ ሁለተኛውን አያልፍም ብለው ያስቡ። 2.4 ጊጋኸርዝ ዘገም ያለ ነው፣ የተሻለ ያልፋል። ቆርቆሮ ሁለቱንም ይመልሳል፤ በቆርቆሮ የተለበደ ክፍል ውስጥ ያለ እንግዳ ራውተሩ ሦስት ሜትር ቢርቅም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ አክሰስ ፖይንቱ ግድግዳ እንዲያቋርጥ ሳይሆን በበርና በመስኮት በኩል ክፍሎቹን እንዲያይ አድርገው ይስቀሉት። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ስሙና የይለፍ ቃሉ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ እንግዳው ከክፍል ወደ ምግብ ቤት ሲሄድ ስልኩ በራሱ ይዛወራል። ቻነሉ ግን ይለያይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ጎን ለጎን ላሉ ሁለት አክሰስ ፖይንቶች አንድ ቻነል አይስጡ። የቻነሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆይ።

አሁን ኬብሉ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይግዙ፤ አንዱ ዝርጋታ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። «ሲሲኤ» የሚል የተጻፈበት ኬብል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በርቀት ይደክማል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ቢያደርጉት ነጭ የሚወጣው እሱ ነው። ከቤት ውጭ የሚያልፈው ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን፣ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ጫፉን የሚሠራው ሰው የቀለሙን ቅደም ተከተል ይጠብቅ። አርጄ 45 የሚባለውን ጫፍ መያዣ ምላሱን ወደ ታች፣ ወርቃማ ጥርሶቹን ወደ ላይ፣ ኬብሉ የሚገባበትን ወደ ራሱ አድርጎ ሲይዘው ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ ያው ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ጥንዶቹን ዝም ብሎ ተራ በተራ ይደረድራል፤ ብርቱካን ከነጩ፣ አረንጓዴ ከነጩ፣ ሰማያዊ ከነጩ እያለ። በዚያ አሠራር መፈተሻው ስምንቱንም መብራት ያበራል፣ ሠራተኛውም «ይኸው ይሠራል» ብሎ ይሄዳል። ግን ሦስተኛውና ስድስተኛው ሽቦ አብረው የተጠመዘዙ አልሆኑም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይጮኻል፣ በአጭር ኬብል ሠርቶ በ40 ሜትሩ ላይ ይቆራረጣል። ስለዚህ መፈተሻውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን በዓይንዎ ይዩ። ጥምዝምዙንም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈታ ይንገሩት።

ጊጋቢት ለማለፍ ስምንቱም ሽቦ ያስፈልጋል፤ 100 ሜጋ ግን በአራቱ ብቻ ይሄዳል። አዲስ የተዘረጋ ኬብል 100 ላይ ከቆመ ከቀሩት አራቱ አንዱ አልነካም ሊሆን ይችላል። አክሰስ ፖይንት እንዲሆን ተራ ራውተር ከገዙ አሠራሩ ለወልዲያው መምህር እንደጻፍነው ነው፤ አድራሻዎቹን 192.168.1.2፣ 192.168.1.3 እያሉ ይለያዩ።

ጥያቄ፦ 4 ሜጋ ነው የምንከፍለው፤ ሲወርድ ግን 500 ኪሎ ብቻ ይላል። ተጭበርብረናል? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አልተጭበረበራችሁም፤ ሙሉውን እያገኛችሁ ነው። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። 4 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 0.5 ሜጋባይት ወይም 500 ኪሎባይት በሰከንድ ይሆናል። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም በዚህ ፍጥነት 23 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሌላ ሰው አብሮ ካልተጠቀመ ነው። ስትለኩ ራውተሩ ላይ በኬብል ለኩ፤ በዋይፋይ ከጓዳ ሆኖ መለካት የግድግዳውን እንጂ የመስመሩን ፍጥነት አይናገርም።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ሱቄ ባቲ ነው፣ ቤቴ ኮምቦልቻ። ሰኞ ገበያው ሲደምቅ ሱቁን በስልኬ ለማየት ካሜራ አስገጠምኩ። ሱቅ ስሆን ይታየኛል፣ ቤት ስገባ ይጠፋል። ገጣሚው «ፖርት መክፈት ያስፈልጋል» ብሎ ከፈተ፣ አሁንም የለም። (ነጋዴ)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ሱቅ ውስጥ የካሜራው መቅጃ ለምሳሌ 192.168.1.20 ነው። በ192.168፣ በ10 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩ ቁጥሮች የውስጥ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቤት ተደጋግመው ይገኛሉ፣ ከውጭ ሆኖ ሊጠራቸው የሚችል የለም። ወደ ውጭ የሚታየው የራውተሩ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኤንኤቲ የሚባለው አሠራር እንዲህ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ኖሮት ጸሐፊዋ የመጣውን ደብዳቤ ለየክፍሉ እንደምታከፋፍለው። ፖርት መክፈት ማለት ለጸሐፊዋ «በዚህ ቁጥር የመጣውን ለካሜራው ስጪ» ብሎ መንገር ነው።

የእርስዎ ችግር ሌላ ሳይሆን አይቀርም። አገልግሎት ሰጪዎች የውጭ ቁጥር ስለሚያጥራቸው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ ቁጥር ጀርባ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ሲጂናት ይባላል። ለማወቅ ራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን አይፒ» የሚለውን ይመልከቱ። ከዚያ በሱቁ ዋይፋይ «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብለው በጉግል ይጠይቁ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ገጣሚው መቶ ፖርት ቢከፍት አይሠራም። ከእርስዎ ራውተር በላይ ያለው የአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ስለ ካሜራዎ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሁለት መንገድ አለ። ቋሚ የውጭ አይፒ መከራየት፣ ወይም መቅጃው ላይ «ፒቱፒ» የሚለውን አብርቶ በአምራቹ መተግበሪያ ኪውአር ኮዱን ማንሣት። ሁለተኛው ይበቃዎታል፤ መቅጃው ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ፖርት አይፈልግም። የተከፈተውን ፖርት ያዘጉ፣ የመቅጃውንም የፋብሪካ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ ሳይቀየር የቀረ ካሜራን የማያውቁት ሰው ሊያየው ይችላል። ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ የሱቁን የመላኪያ ፍጥነት ይለኩ። 4 ካሜራ እያንዳንዱ 512 ኪሎቢት ቢልክ 2 ሜጋቢት ያህል አፕሎድ ይፈልጋል፤ ኤዲኤስኤል ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። «ሰብ ስትሪም» የሚለውን ዝቅተኛ ምስል ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ካፌ አለኝ። ከሰዓት በኋላ የደንበኞች ስልክ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። የይለፍ ቃሉንም ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል። (ከከሚሴ)

መልስ፦ የዲኤችሲፒው ዕጣ አልቆብሽ ነው። ብዙ ራውተር 100 ቁጥር ያህል ይይዝና ለአንድ ስልክ የሰጠውን ለ24 ሰዓት አይመልስም። ጠዋት ቡና ጠጥቶ የሄደው ሰው ቁጥር እስከ ነገ ተይዞ ይቆያል። ዕጣውን ከ192.168.1.20 እስከ 192.168.1.250 አስፊው፣ «ሊዝ ታይም» የሚለውን ወደ 2 ሰዓት፣ ማለትም 120 ደቂቃ ወይም 7200 ሰከንድ፣ አውርጂው።

ለደንበኛ «ጌስት ኔትወርክ» የሚለውን ለብቻ ክፈቺ፤ ያን ጊዜ ኢንተርኔት ያገኛሉ እንጂ የሒሳብ ኮምፒውተርሽን አያዩም። የይለፍ ቃሉን በየወሩ ቀይሪ፤ ስልኮች በኪውአር ኮድ ስለሚያካፍሉት ምስጢር ሆኖ አይቆይም። የራስሽ ኔትወርክ የጥበቃ ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን፣ ቃሉም ከ12 ፊደል አይነስ። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን፣ ያለ ይለፍ ቃል በቁጥር የሚያገናኘውን፣ አጥፊው፤ ባለ 8 አኃዝ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ሰብሮ ለሚገባ ሰው 11,000 ሙከራ ይበቃዋል፣ ለኮምፒውተር ይህ ጥቂት ነው። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ጥበቃ አይደለም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔትም ይጠፋል። በክረምት ደግሞ መብረቅ ያስፈራናል። ምን እናድርግ? (ከወረኢሉ)

መልስ፦ ፋይበር ከሆነ መስመሩን ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ የሚያከፋፍለው ዕቃ መብራት አይፈልግም፤ መብራት የሚያስፈልገው የእናንተው ሣጥን ነው። ለሱ የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ፣ በገበያ አለ። ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር አንብቡ፤ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ከሆነ ዩፒኤሱም 12 ቮልት የሚያወጣ ይሁን። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለም፣ ቮልቱ ግን መግጠም አለበት። 12 ቮልት በ9 ቮልት ራውተር ላይ ከተሰካ ሊያቃጥለው ይችላል፤ 9 ቮልት በ12 ላይ ከተሰካ ደግሞ መብራቱ ይበራል፣ ሰው ሲበዛበት ግን ራሱን እያጠፋ ይነሣል። ያረጀ አዳፕተርም ይህንኑ ያደርጋል፤ ብዙ ደህና ራውተር በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ በዩፒኤሱ ላይ በተጻፈው ሚሊአምፔር ሰዓት አትታለሉ፤ ቁጥሩ የሚሰላው በ3.7 ቮልት ነው። 8800 ቢል 8.8 በ3.7 ሲባዛ 32.6 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ቮልቱን ሲያሳድግ የሚባክነው ተቀንሶ 27 ያህል ይቀራል። 7 ዋት ለሚበላ ራውተር ወደ 4 ሰዓት ነው። ሞደሙና ራውተሩ ሁለት ሣጥን ከሆኑ ግማሹን አስቡ።

መብረቅ ሲያንጎዳጉድ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ከሶኬት ንቀሉ። ኤዲኤስኤል ከሆነ የስልክ ሽቦውንም ከሞደሙ ንቀሉ፤ ብዙ ሞደም የሚቃጠለው በመብራቱ ሳይሆን በስልክ ሽቦው በመጣ ኃይል ነው። የፋይበሩ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ከምሰሶ ተሸክሞት የሚመጣው የብረት ሽቦ ግን ያስተላልፋልና ቤት ውስጥ እንዳይገባ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ ተቆርጦ እንዲታሰር ገጣሚውን ጠይቁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በግቢ ላይ የተዘረጋ የኔትወርክ ኬብል ካለም በሁለቱም ጫፍ መነቀል አለበት።